አያ ፈረደ ከሐውልቱ በታች ሸራ ያነጠፉበት ዜና

ንዌጥን እንከ፤ በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ መስከረም ፍጻሜ፥ የአስፋልቱ መንገድ በተጀመረ በዘጠነኛው ዓመት፥ ባልተፈጸመም እንዲሁ በዘጠነኛው ዓመት፥ የከተማው የውኃ ቦቴ ጎማው ፈንድቶ በድንጋይ ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፥ ሙቀቱ ከጥላ ውጭ አርባ ሁለት፥ ከጥላ ሥርም አርባ ሁለት በነበረበት ሰሞን፥ ከሽንፋ ወዲህ በተቆረቆረችው በሰሊጥ በር ከተማ፥ ታላቁ፥ ባለ አሥር ሄክታሩ፥ ባለ አንድ ሸራው፥ በትራክተር ኪራይ ወረፋ ዘወትር ሁለተኛ የሚሆኑት፥ ዝናም በዘገየ ጊዜ ወደ ሰማይ ቀና ብለው በማየት ደመናን የሚያሳፍሩት አያ ፈረደ ውባንተ የሠሩት ሥራ ይህ ነው፤ ያየ እንዳይረሳው፥ ያላየም አየሁ ብሎ ሲምል እንዳይሳሳት እነሆ ተጻፈ።

እኒህ ፈረደ ከማን ወገን ናቸው ቢሉ፥ አባታቸው ውባንተ ከደጋ ወርደው፥ በአንድ እጃቸው መጥረቢያ በአንድ እጃቸው የወባ ክኒን ይዘው ቆላውን ያቀኑ ሰው ነበሩ። መልካቸውስ ምን ይመስላል ቢሉ፥ አፍንጫቸው ረጅም፥ ግንባራቸው ሰፊ ነው፤ የግራ ጆሯቸው ጫፍ ግን የለም። ይህም በጦር ሜዳ የሆነ አይደለም፤ በገበያ ቀን አህያቸው ነክሳቸው ነው። እርሳቸው ግን አህያዋን አልሸጧትም፥ አልመቷትምም፥ ጭነት ብቻ ጨመሩባት፤ ይህም ከትዕግሥታቸው ተቆጠረ።

ከዚህ አስቀድሞ በግንቦት ወር፥ የከተማይቱ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊ አቶ እንዳለው፥ ሐውልት የሌለው ከተማ ሚዜ እንደሌለው ሙሽራ ነው ብለው ወሰኑ፤ ውኃው ይቆይ፥ ሐውልቱ ይቅደም ተባለ፤ ቀራፂው አለምሰገድም ከደጋ አገር በአይሱዙ ላይ ከሲሚንቶ ጋር ተጭኖ ወረደ። እርሱም የገበሬ ፊት አሳዩኝ ባለ ጊዜ፥ አያ ፈረደ ለትራክተር ናፍጣ የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፉ በማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ተሰልፈው ነበርና፥ እንደ ልማዳቸውም ሁለተኛ ነበሩና፥ አንደኛው ሰው ፎቶ አልነሣም ሲል ዕጣው በእርሳቸው ላይ ወደቀ።

ቀራፂውም በእጃቸው የሰሊጥ ነዶ እንዲይዙ ለመናቸው። ግንቦት ነውና በአገሩ ሰሊጥ የለም፤ ስለዚህ ከሐጂ ሷሊህ ሱቅ ጓሮ አጥር የዓምና አገዳ ተመዝዞ፥ በገመድ ታስሮ ተሰጣቸው። አያ ፈረደም ደረቅ የሰሊጥ ነዶ በእጃቸው ሲገባ፥ አርባ ዓመት ሙሉ ያደረጉትን አደረጉ፤ ዘቅዝቀው ያዙት። ማንም አላዘዛቸውም፤ እጅ ከራስ ይቀድማልና። ፍሬ በሌለው አገዳ ሸራ የሚያነጥፍ እብድ ደግሞ ስለሌለ፥ ከእግራቸው በታች ሸራ አልነበረም፤ የነበሩት የሐጂ ሷሊህ ዶሮዎች ናቸው። ቀራፂውም ጤፍ በበሬ በሚበራይበት አገር ያደገ ነውና፥ ከዶሮዎቹ በቀር ያየውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ወደ ሲሚንቶ ገለበጠው።

የዚህ ነገር ክፋቱ ምንድር ነው ለሚል ለደገኛ እንዲህ እንበለው። በዚህ አገር ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ አናቱን ወደ ሰማይ አድርጎ በሂላ ይቆማል፤ ሂላ ማለት ነዶዎች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ፀሐይ የሚሞቁበት ጉባኤ ነው። ሲደርቅ ቅርፊቱ ሁሉ አፉን ይከፍታል። አፉን ከከፈተ በኋላ ነዶው የሚዘቀዘቀው ከሸራ በላይ ብቻ ነው፤ ሸራው ይነጠፋል፥ ጫማ ይወልቃል፥ ከዚያ ይራገፋል። ነዶውን በባዶ መሬት ላይ የሚዘቀዝቅ ሰው፥ ወይ አእምሮውን የሳተ ነው፥ ወይ በገዛ ድካሙ ላይ የፈረደ ነው፤ ሦስተኛ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለው ሰው በቆላው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም ነበር፤ በመስከረም ሃያ ሁለት፥ በዕለተ ማክሰኞ፥ ቁመቱ አራት ሜትር ሆኖ ወርቅማ ቀለም ተቀብቶ እስኪታይ ድረስ።

በዚያች ዕለት በአደባባዩ የተሰበሰቡት እነዚህ ናቸው፦ ባለ ሥልጣናት በፕላስቲክ ወንበር፥ ምክትሎቻቸው ከፕላስቲክ ወንበሩ ኋላ፥ ነጋዴዎች በኒም ዛፍ ሥር፥ ገበሬዎች በፀሐይ ላይ፥ ፍየሎች በፈለጉበት። አቶ እንዳለው መጋረጃውን ገለጡ፥ ለትንፋሽ የሚሆን ጊዜ ሰጥተውም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እነሆ ገበሬያችን ያፈራውን ሀብት ወደ እናት ምድሩ ሲመልስ። እጁ የዘቀዘቀው ሰሊጥን አይደለም፤ ስስትን ነው።»

ባለ ሥልጣናቱ አጨበጨቡ። ገበሬዎቹ ግን እጃቸውን በዱላቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ፤ የሐውልቱን እጅ አዩ፥ ነዶውን አዩ፥ ከነዶው በታች ያለውን ባዶ ሲሚንቶ አዩ። በዚህ መካከል ሻይ ሻጯ ረፊቃ፥ ብርጭቆ እያለቀለቀች ከደጃፏ አወጀች፦ «ሸራው የታለ ታዲያ?»

ይህች አዋጅ ከአዋጆች ሁሉ አጭሯ ስትሆን፥ ከቀትር በፊት ከተማይቱን በሙሉ ገዛች።

ወእምዝ ተከፍለ ሕዝብ፤ ትርጓሜም በዛ። አንድም፥ ሸራው ነበረ፥ ነገር ግን ከምረቃው በፊት ጠፋ፤ ይህን ያሉት ሹፌሮች ናቸው፥ የጎደለ ሁሉ ተሰርቋል ብለው ይተረጉማሉና። አንድም፥ የያዘው መጥረጊያ ነው፥ ሰውየውም የማዘጋጃ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ይህን ያሉት መምህራን ናቸው፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ግን እኛ መጥረጊያ እንዲህ አንይዝም ብለው ተቃወሙ። አንድም፥ አቶ እንዳለው እንዳሉት ነው፤ ይህን ያለው ጸሐፊያቸው ነው። አንድም፥ ዘንድሮ ሰሊጥ መሬት ላይ ሊደፋ ነው፥ ምልክቱ አስቀድሞ ቆመ፤ ይህን ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ትርጓሜያቸውም ከሁሉ የከፋ ስለ ነበረ ከሁሉ ይልቅ ታመነ።

በአንድ ነገር ግን ሕዝቡ አልተከፋፈለም። ያ አፍንጫ የማን እንደ ሆነ፥ ያ ጫፉ የሌለው ጆሮ የማን እንደ ሆነ፥ ከሹፌር እስከ ሽማግሌ ሁሉም በአንድ ቃል መሰከረ። አያ ፈረደ በገበያ ሲያልፉም አዋጅ ከግራና ከቀኝ ይዘንብባቸው ጀመር፦ «አያ ፈረደ፥ ክንድዎ አልዛለም ወይ? ከማክሰኞ ጀምረው ይዘውታል እኮ» የሚል አለ፤ «ተውዋቸው፥ እሳቸው ለወፍ ነው የሚያርሱት» የሚልም አለ፤ «ዶሮዬን ልልቀቅ እንዴ አያ፥ መቼ ነው የሚያራግፉት?» ያለችም ነበረች። እርሳቸውም ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ እያሉ አለፉ፤ ያቺን የግንቦት ቀን ግን በልባቸው ያስቧት ነበር። ቀራፂው አላጠፋም። አቶ እንዳለውም ከመናገር በቀር አላጠፉም። የዘቀዘቀችው የገዛ እጃቸው ናት። ይህን ቢናገሩ ሐውልቱ እንደማይወርድ፥ ሳቁ ግን እንደሚጨምር ዐውቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ረቡዕ ዕለት ሁለተኛው አዋጅ ወጣ። ባለ ባጃጁ ሽኩር ድምፅ ማጉያውን ከጣራው ላይ አስሮ ከተማይቱን ሦስት ጊዜ እየዞረ እንዲህ አነበበ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ስለ ሐውልቱ ጥልቅ ትርጉም የሚሰጠው አስተያየት ከግንዛቤ ማነስ የመነጨ ነው። ሸራ የግለኝነት ምልክት በመሆኑ ሆን ተብሎ አልተቀረጸም። ሸራው በእያንዳንዳችን ኅሊና ውስጥ ተነጥፏል።» ከዚህም በኋላ ሽኩር ድምፅ ማጉያውን ሳይዘጋ፥ ከልቡ ያወጣትን አጭር አዋጅ ጨመረ፦ «እኔ ያነበብኩት የተጻፈልኝን ነው፤ የቀረውን አላህ ያውቃል።»

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሳቅ ነበር፤ ሐሙስ ግን የእንጀራ ነገር ሆነ። የአጨዳ ሠራተኞች ከመስቀል በኋላ ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከላይ አርማጭሆ እየወረዱ በዚያው በአደባባዩ ይቆማሉ፥ ገበሬውም መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ የአገሩ ሥርዓት ይህ ነው። በዚያች ሐሙስ ሌላው ሁሉ ተወስዶ፥ ሃያ ሁለት ማጭድ ያለው የጎጃሙ ካቦ የደረበ ጭፍራ ብቻ ቀርቶ ነበር። እነርሱም ከሐውልቱ ጥላ ሥር ሁለት ቀን ተቀምጠው፥ ሥራ ስላልነበራቸው ሲያዩት የዋሉት እርሱን ነው። አያ ፈረደ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊያነጋግሯቸው በመጡ ጊዜ፥ ደረበ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አየ፥ አንድ ጊዜ ወደ ፊት አየ፥ ጆሯቸውንም አየ፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፥ ባርኔጣውን አውልቆ፥ በፍጹም ትሕትና እንዲህ ሲል አወጀ፦

«አያ፥ አይቀየሙኝ። ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ በሲሚንቶ የተሳሳተ ግን እርስዎን አየሁ። ሰዎቼ ገና ማጭድ ሳያነሡ ድካማቸው መሬት ላይ ሲደፋ ሁለት ቀን ሲያዩ ከረሙ። ያ ሰው እጁ አይባረክም፥ ማሳው ላይ እባብ አይጠፋም ይላሉ። እኔ አላልኩም፤ እነሱ ናቸው። ሰኞ በሰባት ሰዓት ወደ ገለጉ ከተማ የሚሄደው መኪና ይወስደናል።»

ሃያ ሁለቱም ወደ መሬት አዩ፤ ይህም ፊርማቸው ነበር።

አያ ፈረደ ወደ ማሳቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አየሁሽ፥ ሰሊጥን በመንካት ቀኑን የምታውቅ፥ ስለ አየር ጠባይ ከራዲዮ ጋር ተከራክራ የምትረታ፥ በማሳው ዳር ቆማ ነበር። እርስዋም ዐርብ ጠዋት የቤቱን አዋጅ አወጣች፦ «አንቱ ሰው፥ የታችኛው ቅርፊት ቢጫ ሆኗል። ከነገ ወዲያ ሳምንት አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ወዲያ አሥሩ ሄክታር ለምድር ነው፥ እንዳለው እንዳለው። ሁለታችን ብናጭድ እስከ ገና አንጨርሰውም። እኔ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ዘቅዝቁት አለዎ?»

አያ ፈረደ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት፥ መልሰውም ገለበጡት፤ ከዚያም ማጭዳቸውን አንሥተው አንድ ትልም አጨዱ።

ቀትር ሳይሆንም ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጥተው፥ ወይ ሐውልቱ ይሸፈን፥ ወይ ፊቱ ይለወጥ፥ ቢያንስ ጆሮው ይሞላ ብለው አመለከቱ። አቶ እንዳለውም ሦስተኛውን አዋጅ በቢሯቸው አወጁላቸው፦ «አያ ፈረደ፥ እርስዎ እኮ አሁን ግለሰብ አይደሉም፤ ምልክት ነዎት። ምልክት አቤቱታ አያቀርብም። የሐውልቱን ጥልቅ ትርጉም የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል፤ በኅዳር ይሰበሰባል።» በኅዳር ግን ሰሊጡ በማሳው ላይ ሳይሆን በጉንዳን ጎተራ ነበር የሚሆነው፤ ጉንዳን ደግሞ ኮሚቴ አይጠብቅም።

ከዚያ ሲወጡ ሐጂ ሷሊህ ከሱቃቸው በር ላይ ጠሯቸው። ሐጂ ከፈረደ አባት ጋር አብረው ወባ የታመሙ፥ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ቃላቸው የማይመለስ፥ ጀለቢያቸው በአቧራ ወራትም የሚነጻ ሽማግሌ ናቸው፤ እንዲህም ሲሉ ፈረዱ፦ «ልጄ፥ ሲሚንቶ አይሰማም። እንዳለውም አይሰማም፥ እሱ የሚናገር ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ሰማሁት፤ እጁ ተዘቀዘቀ ያለ የለም፤ ሸራ የለውም ነው የሚሉት። የጎደለው ሸራ ከሆነ ሸራ አንጥፍለታ። ማፊ ሙሽኪላ፥ ችግር የለም። እኔ እሰጥህ ነበር፥ የሱቄ ሸራ አልቆ ሌላው ከማዶ ገና አልመጣም፤ የራስህን አንጥፍ።»

ይህን ቃል ከሰሙ በኋላ አያ ፈረደ ሁለት ቀን ወደ ጣራቸው ቀና ብለው ሲያዩ ሰነበቱ። ያላቸው ሸራ አንድ ነው፤ ሰማያዊ ነው፥ ስምንት በአሥር ነው፥ ስድስት ዓመት አገልግሎ የተጣፈው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። በእሑድ ከጣራው አወረዱት፥ አራገፉት፥ አጠፉት።

በዕለተ ሰኑይ፥ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፥ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ውሻም ከባጃጅ ሥር በገባበት ሰዓት፥ ዘመቻው ተነሣ። የሠራዊቱም አሰላለፍ ይህ ነበር፦ በፊታውራሪነት አህያዋ ሸራውን ተጭና፤ ከኋላዋ አያ ፈረደ፥ ከጆሮ ነገር የተነሣ ሦስት ክንድ ርቀው፤ ከእርሳቸው ኋላ ወይዘሮ አየሁሽ አራት ድንጋይ በቅርጫት ተሸክማ፥ ድንጋይ በአደባባዩ ሞልቷል ቢሏት የራሴን ድንጋይ ዐውቀዋለሁ ያለች፤ በቀኝ ክንፍ ሐጂ ሷሊህ በጥቁር ጃንጥላ፤ በግራ ክንፍ ረፊቃ፥ ያልተመለሱ ብርጭቆዎች ልሰብስብ ነው የምወጣው ብላ ምላ የወጣች፤ በደጀን ሽኩር በባጃጁ፥ ድምፅ ማጉያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግቶ፤ ከሁሉም ኋላ አምስት ፍየሎች፥ አህያዋ የተጫነችው ጨው መስሏቸው።

የሐውልቱ ዘበኛ ከሐውልቱ ሥር ተኝቶ ነበር። አያ ፈረደ ሐውልቱን የከበበውን ሰንሰለት ተሻገሩ፥ ሸራውን ፈቱ፥ አንዱን ጫፍ ለአየሁሽ ሰጡ። በዚያን ጊዜ ነፋስ ከድንበሩ ወዲያ ያለ ቪዛ ገብቶ ሸራውን አነሣው። መጀመሪያ ዘበኛው ላይ ጣለው፤ ዘበኛውም መሽቷል ብሎ ተገላብጦ ተኛ። ሁለተኛ በሐውልቱ ራስ ላይ ጣለው፤ አራት ሜትር የሆነው ፈረደ ሙሽራ መሰለ። ሦስተኛ በራሳቸው በአያ ፈረደ ላይ ጣለው፤ እርሳቸውም በሸራው ውስጥ ሆነው ከነፋሱ ጋር ታገሉ፥ ወደቁ፥ ተነሡ፥ ከውስጥም ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ አየሁሽ ግን ድንጋይዋን አንድ አንድ እያለች በአራቱ ማዕዘን ጫነች፤ አራተኛው ድንጋይ በተቀመጠ ጊዜ ነፋሱ ተረታ።

ከዚህ በኋላ አያ ፈረደ ጫማቸውን አወለቁ፥ ወደ ሸራው ገቡ፥ የገባውንም አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ። ከሐውልቱ ሥር ቆመው ወደ ላይ አዩ፤ ከታች ሆኖ የገዛ አፍንጫውን ቀዳዳ ያየ ሰው በዚያ አገር የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። ያ የሲሚንቶ ሰው እጁ እንደ ድሮው ተዘቅዝቋል፥ ነገር ግን አሁን ከበታቹ ሸራ አለ፤ እብድ የነበረው ሰው ሥራ ላይ ያለ ሰው ሆነ። በአደባባዩ ማዶ የገለጉው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ የደረበ ሰዎችም ተሳፍረው፥ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፥ ከላይ ሆነው ይመለከቱ ነበር። ካቦው ግን አንድ እግሩን በመኪናው መወጣጫ ላይ አድርጎ አሰበ፤ መውጣቱን አቆየ፥ ግን ገና አላመነም። ገበሬ ስለ ራሱ የሚመሰክረው ምስክርነት በቂ አይደለምና።

በዚህ ጊዜ አቶ እንዳለው ከቢሯቸው ወጥተው፥ ክራቫታቸው በትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ፥ ወረቀት በእጃቸው ይዘው እየሮጡ መጡ። ሩጫቸውን ሳያቋርጡም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይህ በሕዝብ ቅርስ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ነው። ይህ የአንድን የጥበብ ሥራ መልእክት ማዛባት ነው። ይህ አውድማ አይደለም፥ አደባባይ ነው። ሸራው አሁኑኑ ይነሣ፥ እኔው አነሣዋለሁ።»

ሰንሰለቱንም ዘለሉ። ወደ ሸራውም ደረሱ። በሸራው ጠርዝ ላይ ግን ቆሙ።

አቶ እንዳለው የሽንፋ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት ሃያ ዓመት በአባታቸው ሸራ ላይ ሰሊጥ አራግፈዋል፥ በጫማ የገቡ ዕለትም ምን እንደ ደረሰባቸው ጀርባቸው አይረሳም። አፋቸው ይነሣ ይነሣ እያለ ሳለ፥ ቀኝ እግራቸው የግራውን ጫማ ተረከዝ ረግጦ አወጣው፤ የግራ እግራቸውም የቀኙን አወጣ። ጥቁሩ የቆዳ ጫማ ጥንድ ሆኖ በሸራው ዳር ተሰለፈ። እርሳቸውም በካልሲ፥ አውራ ጣታቸው በቀዳዳው ወጥቶ ዓለምን እያየ፥ በሸራው መካከል ቆሙ።

ሕዝቡም ከየጥላው ብቅ ብቅ አለ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ይህ እንዴት እንደ ሆነ የተረዱት አያ ፈረደ ብቻ ናቸው፤ እጅ ከራስ እንደሚቀድም፥ እግርም ከሹመት ይቀድማል። ስለዚህም አልሳቁም፤ ይልቁንም እንደ ቤታቸው እንግዳ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጧቸው። አቶ እንዳለው ወደ እግራቸው አዩ፥ ወደ ጫማቸው አዩ፥ ወረቀታቸውንም አጠፉት።

ደረበም ከመኪናው መወጣጫ እግሩን አወረደ፥ ወደ ሰዎቹም ዞሮ አወጀ፦ «አያችሁ አይደል፥ ሹሙ ራሱ ጫማውን አወለቀ። የተማረ ሰው በባዶ አደባባይ ጫማ አያወልቅም። አውድማ ነው፤ ሰውየው አላበደም፥ ሸራው ነው የዘገየበት።» ከዚያም መጥቶ የሸራውን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ፥ የተጣፈበትን አየ፥ ጥሩ ተጥፏል አለ፥ ባርኔጣውንም አውልቆ ጠየቀ፦ «አያ፥ ማሳው በየት በኩል ነው?»

ሃያ ሁለቱ ማጭድ አንድ በአንድ ከመኪናው ወረደ። የገለጉው መኪና ባዶውን ሄደ፤ ሹፌሩ ስለ ሐውልት ጥበብ የተናገረው ቃል ግን በዚህ መጽሐፍ ሊገባ አይገባውም።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አሥሩ ሄክታር ታጨደ። የመጨረሻዋ ሂላ ቀጥ ብላ በቆመችበት ቀን ማግስት ከላይኛው ማሳ የቀረው ዘርዛራ ሰሊጥ አፉን ከፈተ፤ ወይዘሮ አየሁሽም ቆማ አየችው፥ አልተናገረችም፤ ይህም ከእርስዋ ዘንድ ከፍ ያለ ምስጋና ነው።

አቶ እንዳለውም በሳምንቱ አራተኛውን አዋጅ አወጡ፤ ሽኩርም ዞሮ አነበበ፦ «ሸራው ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ የነበረ ሲሆን፥ በአቅርቦት ችግር ምክንያት ዘግይቷል። ሸራ የአንድነታችን ምልክት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሐውልቱን የሚጎበኝ ሁሉ ጫማውን ያውልቅ።» ቀራፂው አለምሰገድም በስልክ ተጠይቆ፥ እኔም ያሰብሁት ይህንኑ ነበር፥ ሲሚንቶ አልቆብኝ ነው እንጂ ሲል ቃሉን ላከ። ሸራውም በቅርስ መዝገብ ተመዘገበ፥ በአራቱም ማዕዘን በቡሎን ታሰረ፤ የአየሁሽ ድንጋዮች ግን ቅርስ አይደሉም ተብለው በክብር ተመለሱላት።

ወእምዝ ኅዳር ገባ፤ ሂላው ደረቀ፤ የማራገፊያው ቀን ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ በየማሳው የየራሱን ሸራ አንጥፎ ነበር፥ የሐጂ ሷሊህም ሸራ ገና በመንገድ ላይ ነበር። አያ ፈረደ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሸራዬን ለአምስት ቀን ስጡኝ ብለው በጽሑፍ አመለከቱ። መልሱም በማኅተም መጣላቸው፦ «የተጠቀሰው ሸራ የሐውልቱ የማይነጠል አካል በመሆኑ፥ ለግል ጥቅም ከቦታው ሊነሣ አይችልም። ለቅርስ ያሳዩትን ተቆርቋሪነት ግን ከልብ እናደንቃለን።»

ወይዘሮ አየሁሽም አርባ ባዶ ጆንያ ተረተረች፥ ሦስት ቀን ሰፋች፥ አንድ ዥንጉርጉር ምንጣፍ አድርጋ በማሳው ላይ ዘረጋችው። አያ ፈረደ ጫማቸውን አውልቀው በላዩ ቆሙ፥ የመጀመሪያውን ነዶ አነሡ፥ ዘቀዘቁት፤ ነጩ ሰሊጥ ወረደ፥ አንዲትም ፍሬ ከጆንያው አልወጣችም። ባለቤታቸውም መርፌዋን በነጠላዋ ጫፍ ሰክታ የዘመኑን የመጨረሻ አዋጅ አወጣች፦ «አንቱ ሰው፥ ሌላ ቀራፂ ከመጣ ነጋዴ ነኝ ይበሉ።»

እንግዲህ ዝናቸው ከሽንፋ እስከ ገለጉ፥ ከገለጉ እስከ ሳንጃ ይሰማ፤ እርሳቸው ከነፋስ ጋር በሸራ ውስጥ ሆነው የተዋጉ፥ ጥልቅ የሆነውን ትርጉም ስምንት በአሥር በሆነ ነገር የሸፈኑ፥ መምህራን በቃል ያልፈቱትን በአራት ድንጋይ የፈቱ፥ ሹምን ያለ ክርክር ጫማ ያስወለቁ፥ ለሲሚንቶ ሸራ አንጥፈው ለራሳቸው በጆንያ ያራገፉ፥ ይህንንም ሁሉ ሲያደርጉ በወረፋው ሁለተኛ ከመሆን ያልጎደሉ ናቸው። በአገሩ ልማድ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራልና፥ ፈረስ ስለሌላቸው፥ የአህያዋንም ስም ስላልወደዱት፥ ሽማግሌዎች በኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው መከሩ፤ መክረውም አባ ሸራ አሏቸው፤ ይህም የሆነው በቆላው ሁሉ ሸራ የሌላቸው ገበሬ እርሳቸው ብቻ በነበሩበት ቀን ነው።